ዲስኩ 100 በመቶ ሲል፦ ፋይል ሲታመቅ ማነቆውን መፈለግ

ትልቅ ፎልደር ዚፕ እያደረጋችሁ ነው እንበል። መስመሩ ንቅንቅ አይልም። የቀረው ጊዜ 20 ደቂቃ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ 2 ሰዓት ይላል። ታስክ ማናጀር ትከፍታላችሁ። ሲፒዩው 14 በመቶ፣ ዲስኩ 100 በመቶ። አጠገባችሁ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ምክር አለው፦ ‹‹ዲስኩ ነው፣ ኤስኤስዲ ግዙ።›› ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ ነው።

ምክሩ አንዳንዴ ልክ ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ግን ልክ መሆን አለመሆኑን ማወቅ አይቻልም። 14 በመቶ የሚለው ሲፒዩ ሥራው ላይ ተወጥሮ ሌላ መጨመር የማይችል ሊሆን ይችላል። 100 በመቶ የሚለው ዲስክም ከአቅሙ ሩቡን እንኳ ላይሠራ ይችላል።

ሲፒዩውን እናስቀድም። ታስክ ማናጀር መጀመሪያ የሚያሳየው የሁሉንም ኮሮች፣ ማለትም ሲፒዩው ውስጥ ለየብቻ የሚሠሩትን ክፍሎች፣ አማካይ ነው። ስምንት ኮር ባለው ማሽን ላይ አንድ ፕሮግራም አንዱን ኮር ሙጥጥ አድርጎ ቢጠቀምበት አማካዩ 12.5 በመቶ ነው። ከጀርባ የሚሠሩ ጥቃቅን ነገሮች ሲጨመሩ 14 ይሆናል። ጂዚፕ የሚባለው የፋይል ማመቂያ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ነው። ዣን-ሉ ጋዪ እና ማርክ አድለር እ.ኤ.አ. በ1992 ሲያወጡት በየጠረጴዛው ላይ የነበረው ኮምፒውተር ባለ አንድ ኮር ነበር። ጂዚፕ ዛሬም በአንድ ኮር ብቻ ነው የሚያምቀው። አድለር ራሱ ቆይቶ ሁሉንም ኮር የሚጠቀም ፒግዝ የተባለ ታናሽ ወንድም ሠርቶለታል። የሚገርመው ብዙ ሰው ዛሬም የድሮውን ነው የሚጠቀመው።

አሁን ወደ ዲስኩ። 100 በመቶ የሚለው የፍጥነት ቁጥር አይደለም፤ የጊዜ ቁጥር ነው። ባለፈው አፍታ ውስጥ ቢያንስ አንድ ያላለቀ ጥያቄ ዲስኩ እጅ ላይ የነበረበት ጊዜ ምን ያህል ነው የሚለውን ይነግራችኋል። ስንት ሜጋባይት ወጣ ለሚለው መልስ የለውም። ሜካኒካል ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 1 ሜጋባይት እየሰጠም 100 በመቶ ይላል፤ በሰከንድ 200 ሜጋባይት እየሰጠም 100 በመቶ ይላል። ኤንቪኤምኢ በሚባለው እጅግ ፈጣን የኤስኤስዲ ዓይነት ላይ ደግሞ ቁጥሩ ጭራሽ ያሳስታል። እነዚህ ዲስኮች ብዙ ጥያቄዎችን ጎን ለጎን ያስተናግዳሉ። ጥያቄ አንድ በአንድ ሳይቋረጥ ቢመጣላቸው ‹‹ሙሉ ጊዜ ሥራ ላይ ነበርኩ›› ይላሉ፤ አቅማቸው ግን ገና አልተነካም። የዲስክን እንቅስቃሴ የሚያሳየው አይኦስታት የሚባለው የሊኑክስ ትዕዛዝ መመሪያ ይህንን በግልጽ ያስጠነቅቃል፦ እንደ ሬይድ (ብዙ ዲስኮች እንደ አንድ ሲሠሩ) እና ዘመናዊ ኤስኤስዲ ያሉ ጎን ለጎን የሚሠሩ ዲስኮች ላይ ይህ በመቶኛ የአቅም ጣሪያን አያሳይም።

ማን ከማን ይዘገያል

ፋይል ማመቅ ሦስት ሥራ ነው፦ ከዲስክ ማንበብ፣ ማመቅ፣ ውጤቱን መጻፍ። ነገሩ እንደ ወፍጮ ቤት ነው። እህል አቅራቢ አለ፣ ወፍጮው አለ፣ ዱቄቱን የሚቀበል አለ። የቤቱ ፍጥነት ከሦስቱ የዘገየው ነው። ስለዚህ የዲስኩን ፍጥነት ለብቻው ማወቅ ምንም አይፈይድም፤ ከወፍጮው ጋር ማወዳደር ያስፈልጋል።

ግምታዊ ቁጥሮቹን እንያቸው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ጤነኛ ሃርድ ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ ከ150 እስከ 250 ሜጋባይት ይሰጣል። ዳታው ወደ ሳህኑ ውስጠኛ ክፍል ሲጠጋ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሳታ በሚባለው ኬብል የሚገጠም ኤስኤስዲ 550 አካባቢ ላይ ጣሪያ ይነካል፤ ጣሪያው የኬብሉ መስመር ነው። ኤንቪኤምኢ እንደ ትውልዱ በሰከንድ 3500፣ 7000 ወይም ከዚያ በላይ ሜጋባይት ይደርሳል። የድሮው ዩኤስቢ 2.0 ግን ዲስኩ የፈለገውን ያህል ቢፈጥን ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ነው የሚያሳልፈው።

አማቂዎቹስ? ጂዚፕ በመደበኛ ደረጃው በአንድ ኮር ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ100 ሜጋባይት በታች ነው፤ ሲፒዩው ያረጀ ከሆነ ከ30 በታችም ይወርዳል። ኤክስዚ በመደበኛ ደረጃው በአንድ ኮር በሰከንድ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው። ያን ኮሌት ፌስቡክ ሳለ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ የወጣው ዚስታንዳርድ በዝቅተኛ ደረጃ በአንድ ኮር በመቶዎች ሜጋባይት ይሠራል። የዚሁ ሰው ሥራ የሆነው ኤልዚ4 ከዚያም ይፈጥናል፤ ግን ያን ያህል አያሳንስም።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው አንድ ነገር ይወጣል። አንድ ትልቅ ፋይል፣ ለምሳሌ 40 ጊጋባይት የዳታቤዝ ባክአፕ፣ በጂዚፕ ሲታመቅ ማነቆው አማቂው ነው። ዲስኩ ያ ‹‹ቀርፋፋ›› የሚባለው ሜካኒካል ሃርድ ዲስክ ቢሆንም እንኳ። 200 መስጠት ለሚችል ዲስክ ተቀባዩ 50 ብቻ ነው የሚወስድለት። ኤስኤስዲ ገዝታችሁ ብትገጥሙ አንድ ደቂቃ አታተርፉም። ሃርድ ዲስኩ ሳይቀየር ጂዚፕን በፒግዝ ወይም በዚስታንዳርድ ብትቀይሩ ግን ሥራው በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ያኔ ደግሞ ዲስኩ በእውነት ማነቆ ይሆናል።

ማነቆ ቦታ ይቀይራል። አንዱን ስትፈቱ ሌላው ይገለጣል። የዛሬ ዓመት የተለካ ውጤት ሲፒዩው ወይም ፕሮግራሙ ከተቀየረ በኋላ እንደማስረጃ መቅረብ የለበትም የምለው ለዚህ ነው።

ለየብቻ መለካት

ምርመራው የሚጀምረው በጣም ቀላል ከሆነው መሣሪያ ነው። ሊኑክስ ላይ ታይም የሚባለው ትዕዛዝ ሦስት ቁጥር ይሰጣል። ‹‹ሪል›› በግድግዳ ሰዓት የፈጀው ነው። ‹‹ዩዘር›› እና ‹‹ሲስ›› አንድ ላይ ሲፒዩው በእውነት የሠራበት ጊዜ ነው። ጂዚፕ በሪል 10 ደቂቃ ፈጅቶ የሁለቱ ድምር 9 ደቂቃ ተኩል ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ሲፒዩው ነው። ድምሩ 2 ደቂቃ ከሆነ ፕሮግራሙ 8 ደቂቃ አንድ ነገር ሲጠብቅ ነበር። ያ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ዲስክ ነው። በብዙ ኮር የሚሠሩ ፕሮግራሞች ላይ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ ድምሩ ከሪል ሊበልጥ ይችላል፤ ንጽጽሩ በኮሮቹ ብዛት ተካፍሎ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ባለሙያ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ማሽን መግቢያ በሆነው ፕሮግራም) መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየና ሲፒዩ እንደሚበላ አስተዋለ። ሌላ ሰው ትከሻውን ነቅንቆ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ለካ፣ ቆፈረ፣ እና በኤክስዚ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር፣ ማለትም ድብቅ መግቢያ፣ አገኘ። ኤክስዚ የማመቂያ መሣሪያ ነው፤ በዓለም ላይ ባሉ እጅግ ብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች ውስጥ አለ። ‹‹ይህ ለምን ዘገየ›› ብሎ መጠየቅ አንዳንዴ ከፍጥነት በላይ ነገር ያወጣል።

ወደ ሥራችን እንመለስ። ከታይም ቀጥሎ ሁለት ንጹህ ሙከራዎች አሉ። አንደኛው ማንበብን ብቻ መለካት ነው፦ ፋይሉን ካት በሚባለው ትዕዛዝ አንብቦ ወደ ዴቭ ነል፣ የተላከለትን ሁሉ ወደሚያጠፋው የሊኑክስ ባዶ መድረሻ፣ መጣል። ፒቪ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም መሐል ላይ ካስገባችሁ ፍጥነቱን በቀጥታ ታዩታላችሁ። ሁለተኛው ማመቅን ብቻ መለካት ነው፦ ጥቂት ጊጋባይት ናሙና ራም ላይ በተሠራ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከዚያ አምቆ ውጤቱን ዴቭ ነል ላይ መጣል። አሁን ሁለት ቁጥር አላችሁ። ትንሹ ቁጥር ማነቆው ነው። እውነተኛው ሥራ ከሁለቱም ቁጥሮች በታች ከሆነ ደግሞ ወይ መጻፉ ነው፣ ወይ ሁለቱ ሥራዎች እየተጠባበቁ ነው። ስለ መጠባበቁ ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

በዚህ ሙከራ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ፤ ሁለቱም ብዙ ሰው ይጥላሉ።

የመጀመሪያው ካሽ ነው። ሊኑክስም ዊንዶውስም አንዴ ያነበቡትን ፋይል ትርፍ ራም እስካለ ድረስ ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ሙከራ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል። መጀመሪያ ጂዚፕን ሞክሮ ቀጥሎ ዚስታንዳርድን የሞከረ ሰው ‹‹ዚስታንዳርድ አሥር እጥፍ ፈጠነ›› ሊል ይችላል፤ ግማሹ ምስጋና ግን የራሙ ነው። መፍትሔው በየሙከራው መሐል ካሽን ማጽዳት ነው። ሊኑክስ ላይ ሲንክ በሚባለው ትዕዛዝ ያልተጻፈውን ዳታ ዲስክ ላይ ካስጻፋችሁ በኋላ ድሮፕ ካሽስ በሚባለው የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ፋይል ላይ 3 ቁጥርን መጻፍ ይበቃል፤ የሩት፣ ማለትም የአስተዳዳሪ፣ ሥልጣን ይጠይቃል። ዊንዶውስ ላይ ራምማፕ የሚባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ ተጠባባቂውን ዝርዝር ባዶ ያደርጋል። ያም ካልሆነ ሪስታርት ማድረግ ነው። ወይም ከራሙ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፋይል መጠቀም።

ሁለተኛው ወጥመድ የታር፣ ብዙ ፋይሎችን ወደ አንድ ፋይል የሚያስረው ፕሮግራም፣ ነው። ብዙ ሰው ፎልደር የማንበብን ፍጥነት ለመለካት ታርን ይጠቀምና ውጤቱን በቀጥታ ወደ ዴቭ ነል ይልካል። 300 ጊጋባይት በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ደስ ይላል። ግን ምንም አልተነበበም። የጂኤንዩ ታር መድረሻው ዴቭ ነል መሆኑን ካወቀ የፋይሎቹን ይዘት ሳያነብ ስማቸውንና መጠናቸውን ብቻ ቆጥሮ ያልፋል። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ አማንዳ የሚባለው የባክአፕ ሥርዓት የባክአፑን መጠን አስቀድሞ ለመገመት ይጠቀምበታል። ማለፊያው ቀላል ነው፦ ታሩን በፓይፕ (የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው መስመር) ወደ ካት ወይም ወደ ፒቪ ላኩ፤ እነሱ ወደ ዴቭ ነል ይጣሉት። ታር ያኔ አያውቅም፤ በእውነት ያነባል።

ትንንሽ ፋይሎች

አሁን ሃርድ ዲስክ በእውነት ጥፋተኛ ወደሚሆንበት ቦታ ደረስን።

በ7200 ዙር ዲስኩ አንድ ጊዜ ለመዞር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የሚፈለገው ቦታ እስኪመጣ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 4.2 ሚሊሰከንድ ይጠበቃል። ከዚያ በፊት ደግሞ የዲስኩ አንባቢ ክንድ ወደ ትክክለኛው መስመር መንቀሳቀስ አለበት፤ ይህ በአማካይ 8 ወይም 9 ሚሊሰከንድ ነው። ድምሩ 12 ወይም 13 ሚሊሰከንድ። ስለዚህ ዳታው የተበታተነ ከሆነ ዲስኩ በሰከንድ 80 ጊዜ ያህል ብቻ ነው ማንበብ የሚችለው። እያንዳንዱ ንባብ 4 ኪሎባይት ቢሆን በሰከንድ 320 ኪሎባይት መሆኑ ነው። በተከታታይ ሲያነብ 200 ሜጋባይት የሚሰጠው ይኸው ዲስክ ነው።

እንበል አንድ መሥሪያ ቤት ስካን የተደረጉ 100 ሺህ ሰነዶች አሉት፤ እያንዳንዱ 50 ኪሎባይት። ጠቅላላው 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። አንድ ፋይል ቢሆን በሰከንድ 150 ሜጋባይት በሚያነብ ዲስክ በ33 ሰከንድ ባለቀ ነበር። አሁን ግን ለእያንዳንዱ ሰነድ መጀመሪያ የፋይሉ መረጃ የተጻፈበት አይኖድ ይነበባል፣ ቀጥሎ ይዘቱ። ሁለት የክንድ ጉዞ ነው። 100 ሺህ ሲባዛ በ2፣ ሲባዛ በ12 ሚሊሰከንድ፦ 2400 ሰከንድ። 40 ደቂቃ። እውነተኛው ሥርዓት አንዳንዱን አይኖድ በአንድ ላይ ስለሚያነብ ትንሽ ይሻላል። ፋይሎቹ በየዓመቱ እየተጨመሩ የተበታተኑ ከሆነ ግን ይብሳል።

እዚህ ቦታ ላይ የማመቂያውን ፕሮግራም መቀየር ምንም አያመጣም። የማመቂያውን ደረጃ ዝቅ ማድረግም እንዲሁ። ኤስኤስዲ ግን ተአምር ይሠራል፤ ክንድ የለውማ። የጎረቤታችሁ ምክር እዚህ ላይ ልክ ነበር ማለት ነው።

ኤስኤስዲ መግዛት ካልተቻለ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል አለ። ብዙ የሊኑክስ ማሽኖች የሚጠቀሙበት ኤክስት4 የሚባለው የፋይል አደራጃጀት ሥርዓት የፎልደርን ዝርዝር የሚመልሰው በውስጣዊ የሃሽ ቅደም ተከተል ነው እንጂ ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ በተቀመጡበት ተራ አይደለም። ታር ዝርዝሩን ተከትሎ ሲያነብ ክንዱ ወዲያና ወዲህ ሲሯሯጥ ይውላል። የጂኤንዩ ታር ሶርት የሚል አማራጭ አለው፤ በአይኖድ ቁጥር እንዲደረድር ሊታዘዝ ይችላል። በአንድ ጊዜ የተፈጠሩ ፋይሎች ብዙ ጊዜ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ክንዱ ያርፋል። ብዙ ትንንሽ ፋይል ባለበት ሃርድ ዲስክ ላይ ከምንም ነገር በፊት የምሞክረው እሱን ነው፤ ምንም ወጪ የለውም።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ለመያዝ ያስቸግራል። ዲስኩ 55 በመቶ፣ ኮሩ 50 በመቶ፣ ሥራው ደግሞ ይጎተታል። ማንም ሙሉ አይደለም፤ ሁሉም ይጠብቃል። ለምን? በአንድ ትሬድ ብቻ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እያደረገ፣ የሚሠራ ፕሮግራም ያነባል፣ ከዚያ ያምቃል፣ ከዚያ እንደገና ያነባል። ሲያነብ ሲፒዩው ሥራ ፈት ነው፤ ሲያምቅ ዲስኩ ሥራ ፈት ነው። ማንበቢያው በሰከንድ 100፣ ማመቂያው በሰከንድ 100 ቢሆን ውጤቱ 50 ነው። ትልቅ ፋይል ላይ ሊኑክስ ወደፊት እያነበበ ይህንን ይሸፍናል፤ መደበኛው መጠን 128 ኪሎባይት ነው። ትንንሽ ፋይሎች ላይ ግን ቀጣዩ ፋይል የትኛው እንደሆነ ከርነሉ አያውቅም፤ ወደፊት ማንበብ አይችልም።

ታርን በፓይፕ ከአማቂው ጋር ማገናኘት በከፊል ይረዳል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ግን የሊኑክስ ፓይፕ በመደበኛው 64 ኪሎባይት ብቻ ነው የሚይዘው። ለፈጣን አማቂ ይህ ከአንድ ሚሊሰከንድ ያነሰ ሥራ ነው። ኤምበፈር የሚባለውን ፕሮግራም መሐል አስገብቶ ከራም ላይ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ቢሰጡት ሁለቱም ሳይጠባበቁ ይሠራሉ። ትላልቅና ትንንሽ ፋይሎች የተቀላቀሉበት ፎልደር ላይ ለውጡ በደንብ ይታያል።

ቁጥሮቹን ማንበብ

አይኦስታትን በኤክስ አማራጭ በየሰከንዱ ስታስኬዱት ብዙ ዓምድ ይደረድራል። ለማመቅ ሥራ እኔ ሦስቱን ነው የማየው። አንደኛው በሰከንድ የተነበበው ኪሎባይት ነው። ሁለተኛው አንድ ንባብ እስኪመለስ የፈጀው ሚሊሰከንድ፤ ሃርድ ዲስክ ላይ ከ5 እስከ 15 ጤነኛ ነው፣ ኤስኤስዲ ላይ ከ1 በታች መሆን አለበት። ሦስተኛው የአንድ ንባብ አማካይ መጠን ነው። ይህኛው የሚናቅ ዓምድ ነው፤ ግን ታሪኩን የሚነግረው እሱ ነው። 128 ኪሎባይት አካባቢ ከሆነ ንባቡ ተከታታይ ነው። 4 ወይም 8 ከሆነ ዲስኩ ፍርፋሪ እየለቀመ ነው፤ ፍጥነቱ ዝቅ ቢል አትፍረዱበት።

‹‹አይኦዌይት›› የሚባለው ቁጥርም ብዙ ሰው ያሳስታል። ትርጉሙ ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ሳለ አንድ የዲስክ ጥያቄ ሳያልቅ የቆየበት ጊዜ ነው። ስምንት ኮር ላይ አንድ ፕሮግራም ብቻ ሙሉ ጊዜውን ዲስክ ሲጠብቅ ቢውል ቁጥሩ ቢበዛ 12.5 በመቶ ነው። ‹‹12 በመቶ ብቻ ነው፣ ዲስኩ ደህና ነው›› ማለት ከላይ የሲፒዩውን 14 በመቶ አይቶ ሲፒዩው ደህና ነው እንደማለት ነው። ይባስ ብሎ ሌላ ከባድ ፕሮግራም ብታስነሱ አይኦዌይት ይወርዳል፤ ዲስኩ ስለተሻለው ሳይሆን ሥራ ፈት ኮር ስለጠፋ ነው። ከ4.20 ወዲህ ያለ ከርነል ካላችሁ በፕሮክ ሥር ፕሬዠር ፎልደር ውስጥ አይኦ የሚለው ፋይል ይሻላል። በዲስክ ምክንያት ሥራ የቆመበትን ጊዜ በቀጥታ በመቶኛ ይሰጣል።

ዊንዶውስ ላይ ሪሶርስ ሞኒተር የሚለውን ክፈቱና ዲስክ የሚለው ገጽ ላይ የእያንዳንዱን ፋይል የምላሽ ጊዜ ተመልከቱ። እዚያው ላይ ማን እንደሚያነብም ይታያል። አንዳንዴ ከዚፕ ፕሮግራሙ አጠገብ የአንቲቫይረሱ ስም ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ትንንሽ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ይፈትሻል፤ ሥራው ነው። ምንጩን የምታምኑት ፎልደር ከሆነ ለጊዜው ከፍተሻ ውጭ ማድረግ ይቻላል፤ መመለሱን ግን አትርሱ።

እዚያው ገጽ ላይ ፔጅፋይል፣ ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥበት ፋይል፣ የሚል ስም ካያችሁ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ሰቨን ዚፕ የሚባለው ማመቂያ በከፍተኛው ደረጃ ሲሠራ ትልቅ ዲክሽነሪ፣ ያነበበውን ዳታ የሚያስታውስበት የራም ቦታ፣ ይይዛል። የሚጠቀምበት የኤልዚኤምኤ ስልት ለማመቅ የዲክሽነሪውን ከ10 እጥፍ በላይ ራም ይፈልጋል፤ ትሬዱ ሲበዛ ደግሞ ይባዛል። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ ይህ ራሙን ይጨርስና ሥርዓቱ ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል። ዲስኩ 100 በመቶ ይላል፤ ግን የእናንተን ፋይል እያነበበ አይደለም። ሰቨን ዚፕ ከመጀመሩ በፊት ምን ያህል ራም እንደሚፈልግ መስኮቱ ላይ ይጽፋል። ማንም አያነበውም እንጂ።

የሚጽፍበትንም ቦታ እዩ። ከአንድ ሃርድ ዲስክ እያነበባችሁ ውጤቱን እዚያው ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ ክንዱ በሁለት ቦታ መሐል ይመላለሳል። ውጤቱን ሌላ ዲስክ ላይ ማድረግ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ነው። ውጫዊ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ኬብሉና ሶኬቱ ዩኤስቢ 3 መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 2.0 በሆነው ጥቁር ሶኬት ተሰክቶ በሰከንድ 35 ሜጋባይት ላይ የሚቆም አዲስ ዲስክ ብዙ አይቻለሁ።

ኪራዩ ዲስክ እና የታመመው ዲስክ

ክላውድ ላይ ማነቆው የሚወሰነው በውል ነው። የአማዞን ጂፒ2 የሚባለው ዲስክ ለእያንዳንዱ ጊጋባይት በሰከንድ 3 ንባብ ወይም ጽሑፍ ይፈቅዳል። 100 ጊጋባይት ከተከራያችሁ 300 ነው። ከዚያ በላይ እስከ 3000 ድረስ ከተጠራቀመ ክሬዲት ላይ ይሰጣችኋል፤ ክሬዲቱ ሙሉ ሲሆን 5.4 ሚሊዮን ነው። ሙሉ አቅሙን ከተጠቀማችሁ በ33 ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ ወደ 300 ትወርዳላችሁ። ሌሊት ላይ የሚሠራ ባክአፕ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ይበርና ከዚያ ድንገት ይሞታል፤ ጠዋት የሚያየው ሰው ሰርቨሩ የታመመ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የመጣው ጂፒ3 ይህን ጨዋታ ትቶ በቋሚነት በሰከንድ 3000 ንባብና 125 ሜጋባይት ይሰጣል። ጂፒ2 ላይ ተረስተው የቀሩ የቆዩ ሰርቨሮች ግን ዛሬም ብዙ ናቸው። ከስናፕሾት (ከተቀመጠ የዲስክ ቅጂ) የተፈጠረ አዲስ ዲስክም መጀመሪያ ሲነበብ ይዘገያል፤ ዳታው ገና ኤስ3 ከሚባለው የአማዞን ማከማቻ እየመጣ ነው።

የታመመ ዲስክ ምልክቱ ሌላ ነው። ፍጥነቱ በአማካይ ደህና ሆኖ በየመሐሉ ሙሉ በሙሉ ዜሮ ይሆናል፤ የአንድ ንባብ ጊዜ በድንገት በሺዎች ሚሊሰከንድ ይደርሳል። ሊነበብ ያልቻለ ሴክተር (የዲስኩ ትንሽ ክፍል) ላይ ደጋግሞ እየሞከረ ነው። ለናስ (በኔትወርክ ለሚጋራ የዲስክ ሳጥን) የተሠሩ ዲስኮች ብዙውን ጊዜ 7 ሰከንድ ያህል ሞክረው ይተዋሉ፤ የቤት ዲስኮች ግን ከዚያ በጣም ረዝመው ይታገላሉ። የዲስክን ጤንነት በሚያሳየው ስማርትሲቲኤል በሚባለው ትዕዛዝ 5፣ 197 እና 198 ቁጥር መስመሮችን ተመልከቱ፤ የተበላሹ ወይም የሚያጠራጥሩ ሴክተሮችን የሚቆጥሩ ናቸው። ዜሮ ካልሆኑ፣ በተለይም እያደጉ ከሆነ፣ ማመቁን አቁሙና መጀመሪያ ዳታውን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። የሚያድገው የዝውውር ስህተትን የሚቆጥረው 199 ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የዲስኩ ላይሆን ይችላል፤ የሳታ ኬብሉን ቀይሩ። ርካሽ ዕድል ነው።

በመጨረሻ ሊታመቅ ስለማይገባው ነገር። የሠርግና የዝግጅት ቪዲዮ የሚቀርጹ ስቱዲዮዎች ሥራቸውን በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ያጠራቅማሉ፤ ቦታ ሲጠብባቸው ዚፕ ለማድረግ ይሞክራሉ። ኤምፒ4ም ጄፔግም አስቀድመው የታመቁ ናቸው። ሲፒዩው ለሰዓታት ይደክማል፣ የሚተርፈው ቦታ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ቢሆን ነው። ፋይሎቹን አንድ ላይ ማሰር ብቻ ከተፈለገ ታር ያለ ማመቂያ ይበቃል፤ ሰቨን ዚፕ ላይ ደግሞ ስቶር የሚለውን ደረጃ ምረጡ። አማቂው ከመንገዱ ሲወጣ የሚቀረው የዲስኩና የኬብሉ ፍጥነት ነው፤ እሱን ደግሞ በካትና በፒቪ በአንድ ደቂቃ ትለኩታላችሁ።